የአስታማሚ ቀኖች

ዶክተር ሰሚሐ አል-በድራዊ ጡረታ ልትወጣ አንድ ወር ሲቀራት ከፋኩልቲው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ደረሳት። ለስንብቷ ዕለት የሚታደል መጽሔት ስለሚታተም፣ እስከ ዛሬ ያወጣቻቸውን ጥናቶችና አብረዋት የሠሩትን ሰዎች ስም ዘርዝራ እንድትልክ ይጠይቃል። ሰሚሐ ማንሱራ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያስተማረች የጤና ኢኮኖሚክስ ምሁር ናት። ዕድሜዋን የፈጀችው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ በሽታ ከመድኃኒቱና ከሐኪሙ ሌላ ከአንድ ቤተሰብ ምን ይወስዳል?

ጠዋት ቢሮዋ ገብታ፣ በሩን ዘግታ ዝርዝሩን ጀመረች። ዘጠና አንድ ጽሑፍ ነው። ሮተርዳም ያለው ሄንድሪክ ብቻውን ሃያ ሦስቱ ላይ አለ። ከቱኒስ ሁለት ሰዎች፣ ከአማን አንዲት፣ ከቤይሩት አላህ ይርሐመውና አንድ፣ ከዚያ እጇ ላይ ያደጉት ተማሪዎቿ። አንዳንዶቹ ዛሬ ራሳቸው ፕሮፌሰር ሆነዋል። ስማቸውን ስትጽፍ ፊታቸው እየመጣባት ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር። የመጨረሻው፣ አርባ ሰባተኛው ስም ላይ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ።

"አክስቴ ሰሚሐ?" አለ የሴት ድምፅ።

"ዚናት! የት ጠፋሽ አንቺ? እናትሽ እንዴት ናት?"

"እናቴ አረፈች፣ አክስቴ። ትናንት ከዐሱር ሶላት በኋላ ቀበርናት።"

ሰሚሐ ብዕሯን እንደያዘች ብድግ አለች። ለምን እንደተነሳች አታውቅም።

"ምን ሆና? ምን ነክቷት?"

"ታማ ነበር።"

"መቼ?"

"ቆየች።" ዚናት አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማት። "ትናንት ሰው ስጠራ ስዋከብ አንቺን ረሳሁሽ። በአላህ ይቅር በይኝ።"

"ምን ይቅርታ አለው! አሁን እመጣለሁ" አለችና ሰሚሐ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየችው። አርባ ሰባት ስም። የዚናት እናት የኢንሺራህ ስም የለበትም። ልጽፈው ነበር ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች። አልነበረችም። ትዝ አላላትም ነበር።

ኢንሺራህን ያወቀቻት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ሰሚሐ ከውጭ ትምህርቷ ተመልሳ መጠይቅ ይዛ ከፍር አል-ሰፍሳፍ ወደሚባል መንደር ሄደች። ከማንሱራ በሚኒባስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ዙሪያው ሩዝ፣ መሐሉ ቦይ። ሦስት ቀን ሙሉ በር ስታንኳኳ ዋለች። ሰዉ ሻይ ያጠጣታል፣ ዳክዬዎቹን ያሳያታል፣ ልጆቹን ያስተዋውቃታል፤ በሽታ ስላስወጣቸው ወጪ ስትጠይቅ ግን "አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎድሎብን" ብሎ እስከ በሩ ይሸኛታል። በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ባዶ ወረቀቶቿን ስታገላብጥ፣ በሽተኞችን ተራ የምታስይዘው ሴት መጥታ ከጎኗ ቁጭ አለች። አርባን የተሻገረች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጥቁር ጀለቢያ የለበሰች ሴት ናት።

"የመንግሥት ሰው ነሽ ወይስ የምትሸጪው ነገር አለሽ?" አለቻት።

"አስተማሪ ነኝ።"

"እስኪ ምን ብለሽ ነው የምትጠይቂያቸው?"

ሰሚሐ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበችላት። "ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ቤተሰብዎ ለሕክምና አገልግሎት በአማካይ ምን ያህል አወጣ?"

ኢንሺራህ ስትስቅ ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ሁሉ ዞረው አዩአቸው። "በአማካይ! ልጄ፣ እዚህ መንደር አማካይ የሚባል ሰው የለም። ደግሞስ ማጣቱን ለእንግዳ የሚናገር ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንዲህ እያልሽ ከጠየቅሽ እስክትሸብቺ ባዶ ወረቀት ይዘሽ ትዞሪያለሽ።"

"ታዲያ እንዴት ብዬ ልጠይቅ፣ እትዬ?"

"ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ማን አብሮ ሄደ በያቸው። አብሮ የሄደው ሰው ያን ቀን ምን ሥራ ጥሎ ሄደ? ለላሟ ሣር ማን አጨደላት? ልጆቹን ማን አበላ? ከትምህርት ቤት የቀረው የትኛው ልጅ ነው? እንዲህ በያቸው። ይሄን ለመናገር ማንም አያፍርም። የሚጠይቃቸው ነው ያጡት።"

ሰሚሐ መጠይቁን ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈች። አንዷ እየተናገረች አንዷ እየጻፈች ሰባት ጥያቄ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንሺራህ ተራ ማስያዟን ስትጨርስ ከሰሚሐ ጋር ቤት ለቤት ትዞር ጀመር። የትኛው ቤት በጓሮ በር እንደሚገባ፣ የትኛው ቤት ባልየው ሳይኖር መሄድ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ቤት ሐዘን ላይ ስለሆነ ለሌላ ሳምንት መተው እንዳለበት የምታውቀው እሷ ነበረች። ባለቤቶቹ መልስ ሲያጥርባቸው "አይ አንተ ሰውዬ፣ ያን ጊዜ ሚስትህን ይዘህ ስትሄድ ሩዝህን ውሃ አልበላውም?" ትላለች። ሰውየውም "እሱስ አዎ" ይላል። እንዲህ እንዲህ እያሉ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ገቡ።

ከነዚያ ጥያቄዎች የወጣው ነገር የአስታማሚ ቀን ልኬት ተባለ። አንድ ሰው ሲታመም ከዙሪያው ስንት ሰው ስንት ቀን ከሥራው፣ ከትምህርቱ፣ ከእርሻው እንደሚቀር የሚቆጥር ዘዴ ነው። ሰሚሐና ሄንድሪክ ጻፉት፤ በአንድ ትልቅ ጆርናል ወጣ፤ ብራዚልም ኢንዶኔዥያም ያሉ ሰዎች ተጠቀሙበት። ውጭ አገር ያሉት ስሙን አሳጥረው "የሰሚሐ ልኬት" ይሉታል።

ጽሑፉ ሊታተም ሲል ሰሚሐ መጨረሻው ላይ ለኢንሺራህ ምስጋና አስገብታ ነበር። ሄንድሪክ ደውሎ "ቃላችን ከተፈቀደልን በዝቷል። ለገንዘብ ሰጪው ያለው ምስጋና ይቆይና ሌላውን 'ለመስክ ሠራተኞች' ብለን እንጠቅልለው" አላት። እሺ አለች። የማዕረግ ዕድገቷ በዚያ ጽሑፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና በአንዲት መስመር ልትከራከር አልፈለገችም።

ጆርናሉ ሲደርሳት አንዱን ቅጂ ይዛ ወደ መንደሩ ወረደች። ኢንሺራህ እጇን ታጥባ፣ በጀለቢያዋ ጫፍ አድርቃ ተቀበለቻት። ዐረብኛ እንደ ነገሩ ታነባለች፤ የፈረንጅ ፊደል ግን አታውቅም።

"ስሜ የቱ ጋ ነው?" አለች።

ትንሿ ዚናት በእናቷ ክንድ ሥር አንገቷን አስግጋ ታያለች። ጎረቤት ሴቶች በሩ ላይ ተሰብስበዋል። ሰሚሐ "እዚህ ጋ" አለችና በትልቅ ፊደል የሚጀምር አንድ ቃል ላይ ጣቷን አሳረፈች። ኢንሺራህ እርሳስ አስመጥታ ከቃሉ ሥር አሰመረች። ከዚያ አንገቷን አቅፋ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳመቻት።

ያን ዕለት በሚኒባስ ስትመለስ ሰሚሐ በሚቀጥለው ጽሑፍ አስተካክለዋለሁ ብላ ራሷን አጽናናች። የሚቀጥለው ወጣ፤ ከዚያም የሚቀጥለው። ጉባኤው በዛ፣ ተማሪው በዛ። ባሏ ታመመና ሞተ። ከፍር አል-ሰፍሳፍን ከረገጠች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። በየዒዱ ትደውላለች፤ ኢንሺራህም በየዒዱ "እኛ ደህና ነን፣ አንቺ ብቻ ጤና ሁኚ፣ ዶክተርዬ" ትላታለች።

ሰሚሐ መንደሩ ስትደርስ የቁርኣኑ ድምፅ ከቦዩ ማዶ ይሰማል። ወንዶቹ መንገዱ ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። እሷ ራሷን በጥቁር ሻሽ ሸፍና ወደ ሴቶቹ ገባች። ዚናት ከምንጣፉ ተነስታ አቀፈቻት። ሰሚሐ ጀርባዋን ስታቅፍ አጥንቷ እጇ ላይ መጣ።

"ቀሪው ዕድሜ ለእናንተ ይሁን" አለቻት።

"አንቺንም ያቆይልን፣ አክስቴ።"

ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዚናት ሻይ አስመጣችላት። ሰሚሐ ብርጭቆውን ሳትነካው "ምኗን ነበር ያመማት?" ብላ በዝግታ ጠየቀች።

"ኩላሊቷን ነው። እጥበት ላይ ነበረች።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሦስት ዓመት ሞላት። በሳምንት ሦስት ቀን።"

"ማን ይወስዳት ነበር?"

ዚናት ጥያቄው ገርሟት አየቻት። "እኔ ነኛ። ሌላ ማን አላት? ጠዋት በሁለተኛው ሚኒባስ ማንሱራ ሄደን ማታ እንመለሳለን።"

"የስፌት ሥራሽስ?"

"ሁለት ወር ታገሱኝ። ከዚያ ሌላ ሰው ቀጠሩ። ምን ያድርጉ?"

ሰሚሐ ሳትፈልገው ጭንቅላቷ አባዛው። ሦስት ቀን በሃምሳ ሁለት፣ በሦስት ዓመት፤ አራት መቶ ስድሳ ስምንት የአስታማሚ ቀን። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራው የኖረችው ስሌት ነው፤ ቁጥሩ ራሱ መጥቶ ፊቷ ተደቀነ። እጥበት የሚሰጥበት ሆስፒታል ከሰሚሐ ቢሮ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። የኩላሊት ሐኪሞቹን ሁሉ በስም ታውቃቸዋለች።

"ለምን አልደወላችሁልኝም፣ ዚናት? እኔ እዚያው እያለሁ!"

"እሷ ከለከለችኝ። አንድ ቀን የሆስፒታሉ ደጅ ላይ ሚኒባስ ስንጠብቅ 'ለአክስቴ ልደውልላት' ብላት ተቆጣችኝ። 'ተያት፣ ሥራ አላት። እኛን ጽፋ ጨርሳለች' አለች።"

ሰሚሐ ብርጭቆውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

ማዶ የተቀመጠችው ሐጃ በሲማ የምትባል ጎረቤት ንግግራቸውን ሰምታ ጎንበስ አለች። "ዶክተሯ አንቺ ነሽ እንዴ? ኢንሺራህ አብራሽ መጽሐፍ የጻፈችው?" ብላ ወደ ሌሎቹ ሴቶች ዞረች። "የኢንሺራህን ስም ባሕር ያሻገረችው ይህቺ ናት! ስንት ቀን አፋችንን አስከፍታ አውርታልናለች። ባሏ በሕይወት እያለ ሲያስቸግራት እንኳ 'አንተ ዝም በል፣ የኔን ስም ፈረንጅ ያነበዋል' ትለው ነበር።" ሴቶቹ በሐዘን መሐል ሳቁ፤ የሳቁትም ወዲያው ዐይናቸውን ጠረጉ።

"መጽሐፉ አለ አይደል?" አለች አንዷ። "እስኪ እንየው።"

ዚናት ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ጆርናሉን ከእናቷ የዒድ ልብስ መሐል አውጥታ፣ ከላስቲኩ አላቅቃ ይዛው መጣች። ገጹ ራሱ ተከፈተ። ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ወይቧል፤ የእርሳሱ መስመር ግን እንዳለ ነው። ዚናት ሰሚሐ ጭን ላይ አስቀመጠችላትና አጠገቧ ተንበርክካ ጣቷን ቃሉ ላይ አደረገች።

"አንብቢላቸው፣ አክስቴ። እኔ ባነበው አያምኑኝም፤ ፊደሉንም አላውቀው።"

ሰሚሐ አየችው። ቁጥሮቹን ለመተንተን የተጠቀሙበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ስም ነው። ለፕሮግራሙ ቦታ ነበር። ስሙም፣ ዓመቱም፣ የተሠራበት ከተማም በሥርዓት ተጽፏል።

"ኢንሺራህ ይላል" ብትል ያልቅ ነበር። ሴቶቹ "ማሻአላህ" ይላሉ፣ ዚናት መጽሐፉን በላስቲኩ ትጠቀልለዋለች። ሰሚሐ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የዚናት ጣት ከዐይኗ ሥር ነው፤ ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ በመርፌ የተበሳሳ ጣት። ቃሉ አልወጣ አላት።

"የለም" አለች።

"ምኑ?"

"ስሟ የለም፣ ዚናት። ይሄ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ዋሽቻት ነው።"

ውጭ የቁርኣኑ አንባቢ ቀጥሏል። ሐጃ በሲማ "ምናልባት ሌላ ገጽ ላይ ይሆናል፤ አገላብጪው እስኪ" አለች። ሰሚሐ ራሷን ነቀነቀች። ዚናት ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። ጆርናሉን ቀስ ብላ ከጭኗ ወሰደችው፣ ዘጋችው፣ ላስቲኩን ፈልጋ አለበሰችው። ከዚያ ዐይኗን ሳታነሳ ተናገረች።

"ሻይዎ ቀዘቀዘ፣ ዶክተር።"

ያቺ ልጅ ከሰባት ዓመቷ ጀምራ "አንቺ" ትላት ነበር። ሰሚሐን "እርስዎ" ስትላት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ልትሄድ ስትነሳ ዚናት እስከ ግቢው በር ሸኘቻት፤ እንግዳ መሸኘት ወግ ነውና። ዳክዬዎቹ በእግራቸው መሐል ይሯሯጣሉ።

"ላስረዳሽ" አለች ሰሚሐ። "ያኔ ጽፌው ነበር፤ አውጪው ሲሉኝ—"

"አያስረዱኝ።" የዚናት ድምፅ ከፍ አላለም። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ለምን ዛሬ ነገሩኝ? እናቴ ደስ ብሏት ነው የሞተችው። እጥበት ላይ ተኝታ ለነርሶቹ ስለ መጽሐፏ ትነግራቸው ነበር። እኔም እንደዚያው ደስ ብሎኝ በኖርኩ። ሃያ ዓመት የተሸከሙትን ዛሬ እኔ ላይ አራግፈው ቀልሎዎት ሊሄዱ ነው?"

ሰሚሐ "አልቀለለኝም" ልትል ፈለገች፤ እሱም ስለ ራሷ ማውራት መሆኑ ገባትና ተወችው።

"ደህና ይግቡ" አለች ዚናት።

በማግስቱ ሰሚሐ ሮተርዳም ደወለች። ሄንድሪክ ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ጆሮው ከብዷል፤ አትክልት ከመኮትኮት ሌላ ሥራ የለውም። ነገሩን ሁሉ ነገረችው።

"አስታውሳለሁ" አለ። "ቃል በዝቶብን ነበር። ግን ሰሚሐ፣ እኔ መስክ ላይ የምትረዳሽ ሴት ናት ብዬ ነው። ጥያቄዎቹን ያወጣኋቸው እኔ ነኝ አላልሽኝም እንዴ?"

"አላልኩህም። አንተ እንዲህ ሲመስልህ ዝም አልኩ እንጂ።"

"እሱስ ያው ነው" አለ ሽማግሌው፣ በሐዘን እንጂ በቁጣ አልነበረም።

ሁለቱም ፈርመው ለጆርናሉ ደብዳቤ ላኩ። ስሟ ከደራሲዎቹ ጋር ይግባ ብለው ለመኑ። መልሱ በአንድ ሳምንት መጣ፤ በጣም ትሁት መልስ ነው። አንድ ደራሲ ስሙ እንዲገባ ራሱ ፈርሞ መስማማት አለበት፤ እርማት የሚወጣው ደግሞ የጥናቱን ውጤት የሚለውጥ ስህተት ሲገኝ ነው ይላል። የኢንሺራህ ነገር የትኛውንም ቁጥር አይለውጥም።

በስንብቱ መጽሔት ግን ማንም አይከለክለኝም ብላ ሰሚሐ ዝርዝሩን አስተካክላ፣ ኢንሺራህን ከሁሉ በላይ ጽፋ ላከች። ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ወጣት ሠራተኛ ደወለላት።

"ዶክተር፣ የመጀመሪያዋ ሴትዮ ማዕረጓን አልጻፉልኝም። ፕሮፌሰር ልበል?"

"ማዕረግ የላትም።"

"የየት ዩኒቨርሲቲ ናት?"

"የመንደር ጤና ጣቢያ።"

"አሃ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ!"

"ተራ አስያዥ" አለች ሰሚሐ።

"ሰንጠረዡ ባዶ ሳጥን አይቀበልም እኮ፣ ዶክተር። እስኪ አንድ ነገር አደርጋለሁ።" ያደረገው ነገር መጽሔቱ ሲታተም ታየ። እንደ በፊቱ አርባ ሰባት ስም ብቻ ነበረበት።

የስንብቱ ዕለት አዳራሹ ሞላ። አበባ ነበር፣ የመስተዋት ሽልማት ነበር፣ ከአማንና ከቱኒስ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ሰሚሐ ስትጠራ ያዘጋጀችውን ንግግር ቦርሳዋ ውስጥ ትታ ወጣች። የታወቅኩበት ሥራ የኔ ሐሳብ አልነበረም አለች። ሰባቱን ጥያቄ የነገረችኝ ኢንሺራህ አብዱልመውላ የምትባል የከፍር አል-ሰፍሳፍ ሴት ናት፤ ስሟን ሳልጽፍ ቀረሁ፤ ጽፌዋለሁ ብዬም ዋሸኋት፤ ታማ ሦስት ዓመት ከቢሮዬ አጠገብ ስትመላለስ አላወቅኩም፤ ሞተች አለች። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ።

ንግግሯን ስትጨርስ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ። የፋኩልቲው ዲን ዐይኑን እየጠረገ መድረኩ ላይ ወጣና "ይኸውላችሁ የትልቅ ሰው ትሕትና!" አለ። ሴት ተማሪዎች እያለቀሱ አቀፏት። "እንዴት ያለ ልብ ነው ያለዎት፣ ዶክተር!" ይሏታል። ሰሚሐ "አልሰማችሁኝም፤ ሌባ ነኝ ነው ያልኳችሁ" አለች። እነሱም የበለጠ ወደዷት። ጥፋቷን ነግራቸው ሽልማት አድርገው መለሱላት። ቤቷ ስትገባ አበባውን ከነላስቲኩ ኩሽና ውስጥ ትታ፣ መብራት ሳታበራ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። ፋኩልቲው በየዓመቱ ለመረጃ ሰብሳቢዎች የሚያትመው ትንሽ የዐረብኛ መመሪያ አለ፤ ያዘጋጀችው ራሷ ስለሆነች ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልጋትም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አውጥታ ጣለችና እንደ አዲስ ጻፈችው። ስለ ጤና ጣቢያው ደጃፍ፣ ስለዚያ ሳቅ፣ ሰባቱ ጥያቄ እንዴት እንደተወለደ አንድ በአንድ አስቀመጠችው። ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም አደረገች፤ የኢንሺራህ ከላይ፣ የራሷ ከታች። ሁለት መቶ ቅጂ ታትሞ፣ ለራሷ ካስቀረችው ሃያ በስተቀር፣ ለየክፍሉና ለየመንደሩ ጤና ጣቢያ ተበተነ።

በአርባ ቀኗ ሰሚሐ ሃያውን ቅጂ ይዛ መንደር ወረደች። ቤቱ ውስጥ ብዙ ሰው አልነበረም። ለሙታን የሚዘከረው ፈጢር የተባለ ቂጣ ተከፋፍሎ አልቆ፣ ዚናት ትሪዎቹን ታጥብ ነበር። እጇን አድርቃ መጣችና ሰላም አለቻት።

"ይሄን ላሳይሽ ነው" አለች ሰሚሐ። "በዐረብኛ ነው። ራስሽ ታነቢዋለሽ።"

ዚናት ቆማ ሽፋኑን አየች፤ ከዚያ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነበበች። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው። "በአማካይ" የሚለው ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ሰሚሐ መለየት አልቻለችም። ጨርሳ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘጋችው።

"አመሰግናለሁ፣ ዶክተር። ልክ እሷን ነው የጻፉት። አነጋገሯ እንዲህ ነበር።"

ሰሚሐ የቀሩትን ቅጂዎች ከቦርሳዋ ማውጣት ጀመረች።

"ግን" አለች ዚናት፣ ጣቷን ሽፋኑ ላይ አድርጋ፣ "የአያቴ ስም አብዱልመውላ አይደለም። አብዱልመውጁድ ነው።"

"ምን?"

"አብዱልመውጁድ። የእናቴ አባት።"

ሰሚሐ መጽሐፉን ተቀብላ አየችው፤ ማየቱ ነገሩን እንደሚለውጠው ሁሉ። ስሙን የወሰደችው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በራሷ እጅ ከሞላችው የመስክ ሠራተኞች የክፍያ ቅጽ ነው። ያኔ ቸኩላ ጽፋዋለች። ኢንሺራህ በየወሩ በዚያ ቅጽ ላይ ከስሟ ጎን በአውራ ጣቷ ስትፈርም፣ አንድም ቀን ተሳስተሻል ብላት አታውቅም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት የጠራችውም ይህንኑ ስም ነበር።

"ብዕር አለሽ?" አለች ሰሚሐ።

ዚናት ብዕር አመጣችላት። ሰሚሐ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ሃያውን ቅጂ ደርድራ አንድ በአንድ እየሰረዘች አረመች። ዚናት ሻይ አምጥታ አጠገቧ አኖረችላትና ትሪዎቿን ልታጥብ ተመለሰች። ከውጭ የውሃው ድምፅ ይሰማል። አሥራ አምስተኛው ላይ ስትደርስ ዚናት በሩ ላይ ቆመች።

"ሌላውስ? የተበተነው?"

"እሰበስበዋለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ያገኘሁትን ያህል።"

ዚናት ራሷን ነቀነቀች። ይሁን ማለቷ ይሁን አይሆንልሽም ማለቷ አልታወቀም።

ሰሚሐ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በሚኒባስ ስትዞር ከረመች። በየጤና ጣቢያው እየገባች መመሪያውን ትጠይቃለች፣ ስሙን ታርማለች፣ ትሄዳለች። ጡረታ የወጣች ፕሮፌሰር ለአንድ ስም ብላ አቧራ ለአቧራ ስትንከራተት የሚያዩ ወጣት ነርሶች ሻይ ያመጡላታል፤ አንዳንዶቹ ከኋላዋ ይስቃሉ። መቶ አርባ አምስቱን አገኘች። የቀሩት የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ምናልባት ሰዉ ቤቱ ወስዷቸዋል፣ ምናልባት ምሳ ተጠቅልሎባቸዋል።

ዒድ ሲደርስ እንደ ልማዷ ደወለች። ዚናት አነሳች። አዲስ የስፌት ቤት እንደተቀጠረች፣ ጣቶቿ ሥራ ረስተው መጀመሪያ እንዳስቸገሯት ነገረቻት።

"የጎደለሽ ነገር ካለ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ደውዪልኝ" አለች ሰሚሐ።

"ምንም አልጎደለብንም፣ አልሐምዱሊላህ" አለች ዚናት። "እርስዎ ብቻ ጤና ይሁኑ።"

ሰሚሐ ያን መልስ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሦስት ቀን ሙሉ በየበሩ ሰምታዋለች፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ትንሽ ቆየች። ጎረቤት ልጆች የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ደረጃው ላይ ይጮኻሉ። ተነስታ መስኮቱን ዘጋች።